«ሌላ ቲቪ አትግዙ» ላለን የማርቆስ ዲሽ ሠሪ

ይህን የምጽፈው ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ ላላችሁ፣ ቲቪያችሁ ላስመረራችሁ ነው። ሌሎቻችሁም አንብቡት፤ ከመሐሉ የምትጠቅማችሁ ነገር አትጠፋም።

ባለፈው ዓመት እኛ ልጆች ተዋጥተን ለእናትና አባታችን ባለ 43 ኢንች ቲቪ ገዛን። ካርቶኑ ላይ «ፉል ኤችዲ» ይላል። የገዛሁት እኔ ነኝ፣ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ቲቪው በአውቶቡስ ተጭኖ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ ሳይሰበር ማርቆስ ገባ። ጎረቤት ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁ ሊል መጣ። ከዚያ በኋላ ግን በደወልኩ ቁጥር የምሰማው መልስ አንድ ነው።

«ቲቪው እንዴት ነው እማዬ?»

«ተመስገን፣ አለ።»

የኛ አገር ሰው «አለ» ካለ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ቀስ በቀስ ወጣ። ምስሉ ደብዛዛ ነው። ከድሮው፣ ከዚያ ከወፍራሙ ቲቪ አይሻልም። የሰው ፊት ድፎ ዳቦ አክሏል። አባቴ ደግሞ ድምፁ አይሰማኝም ይላል። ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው፤ የምሽት 2 ሰዓቱን ዜና ካልሰማ እንቅልፍ አይወስደውም። ድምፁን ሲጨምረው ሙዚቃው ቤቱን ያናውጠዋል፣ ዜና አንባቢው ግን ያው ያጉተመትማል። «ምን አለ?» ይላል አባቴ። «እኔስ መች ሰማሁት» ትላለች እናቴ። እንዲህ እየተባባሉ ዜናው ያልቃል።

አንድ ባለሙያ ተጠርቶ መጣ። ማንነቱን እንለፈው። አምስት ደቂቃ ያህል ሪሞቱን ነካክቶ «ቲቪው ኮፒ ነው፣ ሪሲቨሩም አርጅቷል፣ ሁለቱንም ቀይሯቸው» አለና የመምጫውን ተቀብሎ ሄደ። እናቴ ይህን በስልክ ስትነግረኝ ድምፅዋ አነሰብኝ። የልጆቿ ስጦታ «ኮፒ» ተብሎባታል።

ለፋሲካ አገር ቤት ስገባ ጎረቤታችን ስለ አንድ ልጅ ነገረችን። ልጅ እላለሁ እንጂ ሠላሳውን ሳያልፍ አይቀርም። «እሱ እንኳን ሳያይ አይናገርም» አለች። ደወልን። ጠዋት 3 ሰዓት እመጣለሁ ብሎ 5 ሰዓት ተኩል መጣ። ይቺን ጉድለቱን አልደብቅለትም።

ሲገባ ግን ሪሞት አልነካም። በቀጥታ ሄዶ አባቴ ቦታ ላይ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ ሁልጊዜ የሚያዩት ከዚህ ሆነው ነው? እስኪ የሚወዱትን ጣቢያ ይክፈቱልኝ» አለ። ከዚያ ዝም ብሎ ያያል። አሥር ደቂቃ ያህል ቆየ። እናቴ ቡና እየቆላች ዐይኗን ወደኔ ወረወረች፣ «ይኼስ ቲቪ ሊያይ ነው የመጣው» እንደማለት።

በኋላ ተነሣና ከቲቪው ጀርባ እጁን ሰዶ አንድ ገመድ መዘዘ። ያቺን ባለ ሦስት ቀለሟን። ቢጫ፣ ቀይ፣ ነጭ። ከሪሲቨሩ ጋር በካርቶን የምትመጣዋን፣ በየቤቱ ያለችውን።

«በሽታው ይኼ ነው» አለ።

እንደገባኝ ልንገራችሁ። ቢጫዋ ገመድ ምስል የምታሳልፈው በድሮው ጥራት ነው። ሪሲቨሩ የፈለገውን ያህል ጥርት ያለ ሥርጭት ቢቀበል፣ በእሷ በኩል ሲያልፍ ወደ ድሮው መጠን ይወርዳል። የድሮው መጠን 720 በ576 ነጥብ ነው። ፉል ኤችዲ የሚባለው 1920 በ1080 ነው። አባቴ ይህን ሲሰማ እስክሪብቶ አነሣ፤ መምህርነት አይለቅም። አባዛው። አንዱ 414,720 መጣ፣ ሌላው 2,073,600። አካፈለው። ቅንጣት ሳይጎድል አምስት እጥፍ! ልጁ ሳቀና «አዩ ጋሼ፣ አምስት ቁና የሚይዝ ስልቻ ገዝታችሁ አንድ ቁና ጤፍ ነው የምትጨምሩበት። ስልቻው ምን ያድርግ?» አለው። እናቴ ልጁን መውደድ የጀመረችው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ከቦርሳው የኤችዲኤምአይ ገመድ አወጣ፤ ጥርት ያለውን ምስል ከነድምፁ በአንድ ገመድ የምታሳልፈዋን። «አርጅቷል» የተባለው ሪሲቨር የኤችዲኤምአይ መውጫ ነበረው፣ ዓመት ሙሉ የነካው የለም እንጂ። ሰካው። ምስሉ ብዙም አልተለወጠም። እኔ በሆዴ «ይኸው፣ ይኼም ያው ነው» አልኩ። እሱ ቀድሞም የጠበቀው ይመስላል። የሪሲቨሩን ሜኑ ከፈተ። የምስል መጠኑ አሁንም 576 ላይ ነው። 1080 ላይ አደረገው። ስክሪኑ ለሁለት ሦስት ሴኮንድ ጥቁር ሆነ። ሲመለስ አንዲት የአገር ልብስ የለበሰች ጋዜጠኛ ነበረች፤ የጥለቷ ክር አንድ በአንድ ይቆጠራል። «እዩት እዩት ጥለቱን!» አለች እናቴ። ቡናው ገነፈለ።

የድፎ ዳቦው ጉዳይ ሌላ ነው። የድሮ ሥርጭት ወርዱና ቁመቱ 4 በ3 ነው፣ የአሁኑ ስክሪን 16 በ9። የኛ ቲቪ ጠባቡን ምስል በግድ ለጥጦ ስክሪኑን ይሞላበት ነበር። መለጠጡን አጠፋው። ማታ እናቴ መንፈሳዊ ፕሮግራም ስትከፍት የምታውቃቸው ሰባኪ መጡ። «ውይ በሞትኩት! ምነው እንዲህ ከሱ? ታመው ነው እንዴ?» አለች። አልከሱም። እስከ ዛሬ ያላግባብ ወፍረው ነው።

ቀለሙ ላይ ከአባቴ ጋር ትንሽ ተከራከሩ። ቲቪው ሱቅ እያለ ዐይን እንዲስብ ተብሎ በጣም ደማቁ ላይ ተደርጎ ነበር፤ ሣሩ ሁሉ የሚያበራ አረንጓዴ፣ የሰው ፊት ብርቱካን። ልጁ ወደ ፊልም ማያው ዓይነት አወረደው፣ «ሻርፕነስ» የሚባለውን የምስሉን ጠርዝ ማጉያም ቀነሰው። አባቴ «ኧረ ደበዘዘ!» አለ። «ጋሼ ሦስት ቀን ይዩት። ካልወደዱት ይደውሉልኝ፣ መጥቼ በነፃ እመልሰዋለሁ» አለው። በሦስተኛው ቀን አባቴን ልመልሰው ወይ ስለው «ተይው፣ እንዳትነኪው» አለኝ።

አሁን ወደ ድምፁ። ለኔ ትልቁ ነገር ይኼ ስለሆነ ታገሡኝ።

ለካ አባቴ ለማንም ሳይናገር ጆሮው እንደደከመ ለራሱ ፈርዶ ኖሯል። ለሐኪም መታየትም አስቦ ነበር። ልጁ ቲቪውን ከሥር ጎንበስ ብሎ አየና «ጋሼ፣ የእርስዎ ጆሮ ምንም አልሆነ። ድምፁ ነው ፊቱን ያዞረብዎት» አለው። እውነትም የቀጫጭን ቲቪዎች ድምፅ ማውጫ ትንሽ ናት፣ ስክሪኑ ቦታውን ስለጨረሰው ከሥር ወይ ከኋላ ትደረጋለች። የድሮው ወፍራም ቲቪ ግን ከስክሪኑ ጎን ሆኖ ፊት ለፊት ነበር የሚጮኸው። የኛን ደግሞ «ልጆች እንዳይነኩት» ተብሎ ኮርኒስ ሥር ሰቅለውታል። ድምፁ ግድግዳውን ይመታል፣ ከሲሚንቶው ወለል ይነጥራል፣ አባቴ ጋ ሲደርስ ተበለሻሽቷል።

መጀመሪያ ቲቪውን አወረደው። ቡፌው ላይ ተቀመጠ፣ ዐይን ትክክል። የእናቴ የአንገት ሕመም ለምን እንደሆነም ያን ቀን ታወቀ። በመስኮቱ ትይዩ እንዳይሆንም ትንሽ አዘነበለው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ስክሪኑ ላይ ይተኛ ነበር።

ቀጥሎ ሁለቱን ሪሞቶች ጎን ለጎን አስቀመጠ። ሪሲቨሩ የራሱ ድምፅ መጨመሪያ አለው፣ ቲቪውም የራሱ። እናቴ የሪሲቨሩን ግማሽ ላይ ትታ የቲቪውን እስከ ጥግ ትወስደው ነበር። ያኔ ቲቪው ከንግግሩ ጋር «ሽሽ» የሚለውን ጫጫታም ያጎላዋል። የሪሲቨሩን ሞላው፣ ከእንግዲህ በቲቪው ሪሞት ብቻ ይሁን አለ። «ሰራውንድ» የሚባለውንም አጠፋው። በሁለት ትንንሽ ድምፅ ማውጫ አዳራሽ ለማስመሰል ሲታገል የሚጎዳው የሰው ንግግር ነው። በምትኩ ንግግር የሚያጎላውን መረጠ።

እዚህ ላይ ቢያበቃም በቂ ነበር። እሱ ግን ጥግ ላይ በዳንቴል የተሸፈነውን የአባቴን የድሮ ቴፕ አየ። «ይሠራል?» አለ። ይሠራል፣ ካሴት የለም እንጂ። ከኋላው ቀይና ነጭ መግቢያ ነበረው። አንድ ጫፉ እንደ ጆሮ ማዳመጫ፣ ሌላው ጫፉ ቀይና ነጭ የሆነ ገመድ ከቦርሳው ፈልጎ ከቲቪው አገናኘው። ሁለቱን ሳጥን ስፒከሮች ከቲቪው ግራና ቀኝ ፊት ለፊት አቆመልን። ከቲቪ ሥር የሚቀመጠውን ረጅም ስፒከር፣ አዲስ ሳውንድ ባር፣ ሊሸጥልን ይችል ነበር፤ እኔም ለመግዛት ተዘጋጅቼ ነበር። «ይኼ እያለ ምን ያደርግላችኋል?» አለኝ።

ማታ 2 ሰዓት ሆነ። አባቴ ድምፁን ከወትሮው ግማሽ ላይ አድርጎ ዜናውን ከነስፖርቱ ሰማ። «ምን አለ?» አላለም። እናቴ አየችኝ። ሁለታችንም ምንም አልተናገርንም።

ዲሹን ረሳሁት። ቤታችን ሁለት ዲሽ አለ። አንዱ የአገራችን ጣቢያዎች ለሚመጡበት ሳተላይት ለኢትዮሳት፣ ሌላው ወንድሜ ፊልም ለማየት ያስገባው፣ ናይልሳት ለሚባለው ሳተላይት ነው። ኢትዮሳት ደህና ነበር፤ ናይልሳት ግን ነፋስ በተነሣ ቁጥር ምስሉ ይሰባበራል። እኛ ንፋሱ ዲሹን እያንቀሳቀሰው መስሎን ስንት ጊዜ በሽቦ አስረነዋል። ልጁ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ወደ ምዕራብ ጠቆመና «የነቀነቀው ዲሹ አይደለም፣ ያ ነው» አለ። የጎረቤት ባሕር ዛፍ! ኢትዮሳት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ስለሆነ ከማርቆስ ሲታይ በምሥራቅ በኩል ከፍ ብሎ ነው፣ ዛፍ አይደርስበትም። ናይልሳት በ7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነው፤ ከኛ አገር በጣም ወደ ምዕራብ ስለሚርቅ ወደ አድማስ ዝቅ ብሎ ነው የሚታየው። ዲሹ ሲተከል ዛፉ ችግኝ ነበር። ባለቤቱን ብንጠይቀው «ለአጠና ሳይደርስማ አልቆርጥም» አለን፣ እውነቱን ነው። ልጁ ዲሹን ወደ ሌላኛው የጣሪያ ጥግ አዛወረው። በፌስታል ተጠቅልላ የነበረችውን የገመድ መቀጠያም ቆርጦ አዲስ ጫፍ አደረገላት፤ ውኃ ገብቷት አረንጓዴ ሆና ነበር።

ሁሉን ነገር ያስተካክላል ብዬ አልዋሽም። አንዳንድ ጣቢያ አሁንም ደብዛዛ ነው። ስንጠይቀው «እሱ ከመነሻው እንዲህ ነው የሚላከው፣ የእኔም የእናንተም ገመድ አያጠራውም» አለን። ክረምት ሲገባ ደግሞ ቆርቆሮው ላይ የማርቆስ ዝናብ ሲወርድ ማንም ባለሙያ አያድናችሁም። ከባድ ዝናብ ሲግናሉንም ያደክመዋል። ያን ጊዜ ቲቪውን አጥፍቶ በቆሎ መጥበስ ነው።

ሒሳብ ስንጠይቅ የጠራው ከአንድ ኪሎ ቡና ዋጋ አይበልጥም፣ ገመዶቹን በሱቅ ዋጋቸው ጨምሮ። አባቴ ሊጨምርለት ቢል እምቢ አለ። እናቴ ግን በእሱ እምቢታ የምትመለስ ሰው አይደለችም። «ሳትቀምስ ከዚህ ቤት አትወጣም» ብላ አስቀመጠችው። የፋሲካው ዶሮ ገና አላለቀም ነበር። ጠላውን «ጣሪያ እወጣለሁ» ብሎ አልነካም፣ ይኼም አስደሰተኝ።

ስሙንና ስልኩን እንዳልለጥፍ ለምኖኛል። ያኔ ከየአቅጣጫው ሲደወልበት ለቀጠረው ሰው ይበልጥ እንደሚዘገይ ያውቃል መሰለኝ። የምትፈልጉት ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ለየብቻ እሰጣችኋለሁ። ከማርቆስ አልፎ አማኑኤልና ደምበጫም ይሄዳል፣ የመኪና ግን ትከፍሉለታላችሁ። ጠዋት ደውሉ። ከሰዓት በኋላ ጣሪያ ላይ ስለሚሆን ስልክ አያነሣም። እስኪመጣ ድረስ ከቲቪያችሁ ጀርባ እጃችሁን ስደዱና እዩ፤ ቢጫ፣ ቀይ፣ ነጭ ካገኛችሁ ምናልባት እሱንም ላትፈልጉት ትችላላችሁ። እንዲህ ብለሽ ጻፊ ያለኝ ራሱ ነው።