በሳዶ ደሴት በሳፋ ጀልባ መሳፈር፦ የመቅዘፊያው ደስታና የማይነገረው የእጅ ሙያ

አባቴ አናጺ ስለነበር የእንጨት ዕቃ ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው መጋጠሚያው ላይ ነው። በጃፓን ሳዶ ደሴት ለጎብኚዎች የሚቀርበውን የሳፋ ጀልባ ጉዞም የመዘንኩት በዚሁ ዓይን ስለሆነ፣ ባሕሩንና ፎቶግራፉን ብቻ ፈልጎ ለሚሄድ ሰው አስተያየቴ ትንሽ ሊከብደው ይችላል።

ጀልባው ታራይ-ቡኔ ይባላል። ታራይ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ማለት ሲሆን ቡኔ ደግሞ ጀልባ ማለት ነው፤ ስሙም ምንም አላጋነነም። ከኒጋታ ከተማ ተነስቶ በደሴቱ ወዳለው ሪዮትሱ ወደብ ለመድረስ በፈጣኗ ጀልባ ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ፣ መኪና በምትጭነው መርከብ ደግሞ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። የሳፋ ጀልባዎቹ ያሉበት የኦጊ አካባቢ በደሴቱ ደቡባዊ ጫፍ በመሆኑ፣ መኪና ያልያዘ ሰው የአውቶቡሱን ሰዓት አስቀድሞ ማጣራት አለበት።

በደቡቡ ጠረፍ ካሉት መሳፈሪያዎች በአንዱ ትኬት ቆርጬ ወረፋ ያዝኩ። ዋጋው ከአንድ ጎድጓዳ ሳህን ኑድል ብዙም አይበልጥም። የሳር ባርኔጣ ያደረጉ አንዲት ቀዛፊ እጄን ይዘው አስገቡኝና እሳቸው ከፊት ቆመው ብቸኛዋን መቅዘፊያ የስምንት ቁጥር ቅርጽ እያስያዙ ውኃ ውስጥ ያመላልሷት ጀመር። ቀላል ይመስላል። ተራው ደርሶኝ መቅዘፊያውን ስይዝ ግን ጀልባው ወደፊት መሄዱን ትቶ በቦታው ይሽከረከር ጀመር፤ ሴትየዋ በትሕትና አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ሳፋ አፍንጫም ጅራትም ስለሌለው አቅጣጫ የሚይዘው በቀዛፊው እጅ ብቻ ነው። አሥር ደቂቃ ያህል የሚፈጀው ይህ ክፍል በአገልግሎቱ ረገድ አንድም የሚወቀስ ነገር የለውም፤ ልጅ ይዞ ለሄደ ሰው ደግሞ በደሴቱ ላይ ከዚህ የሚሻል ጨዋታ አላየሁም።

ቅር ያሰኘኝ ሌላ ነገር ነው። የተሳፈርኩበት ጀልባ ከእንጨት የተሠራ ነበር፤ አጠገቡ ከታሰሩት መካከል ግን ቢያንስ አንዱ ፋይበርግላስ (በመስታወት ክር የጠነከረ ፕላስቲክ) መሆኑን ጠርዙን በመንካት አረጋገጥኩ። ፋይበርግላስ መጠቀም ኃጢአት አይደለም፤ አይበሰብስም፣ እንክብካቤም አይፈልግም፣ ዓሣ አጥማጆቹም ራሳቸው የሚጠቀሙበት አሉ። ነገር ግን ትኬቱ ላይም፣ በሰሌዳውም ላይ፣ በቀዛፊዋ ገለጻም ውስጥ የትኛው ጀልባ ከምን እንደተሠራና ማን እንደሚሠራው የሚናገር አንድ ዐረፍተ ነገር አልነበረም። ጎብኚው ውኃው ላይ አሥር ደቂቃ የሚያቆየው ዕቃ እንዴት እንደተሠራ ሳያውቅ ይመለሳል፤ ለእኔ እንጀራ በልቶ ስለ ምጣዱ እንዳለመጠየቅ ነው።

ምክንያቱም የሳፋ ጀልባ ከመርከብ ጠራቢዎች ሙያ ይልቅ ለበርሜልና ለገንዳ ሠሪዎች ሙያ ይቀርባል። ርዝመቱ 180፣ ወርዱ 140 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነው ሞላላ ግድግዳ የሚቆመው ሱጊ ከተባለው የጃፓን ዛፍ በተሰነጠቁ ብዙ ቋሚ ጣውላዎች ነው። ክብ ገንዳ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ጣውላ ጠርዙ በአንድ ዓይነት ሰያፍ ይላግ ነበር፤ ሞላላ ሲሆን ግን በጎን ያሉት ቀጥ ወደማለት፣ በጫፍ ያሉት ወደ መጠማዘዝ ስለሚያደሉ ሰያፉ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ገንዳ ሠሪው ለዚህ ሥራ የሚጠቀምበት ረጅም መላጊያ በጀርባው ተኝቶ ምላጩ ወደ ላይ የሚያይ ሲሆን፣ የሚገፋው መላጊያው ሳይሆን ጣውላው ነው። ጣውላዎቹ በቀርከሃ ሚስማር ጎን ለጎን ከተያያዙ በኋላ፣ ከተሰነጠቀ ቀርከሃ የተጎነጎነ ቀለበት ከውጭ ያስራቸዋል። ዙሪያው ወደ አምስት ሜትር ስለሚጠጋ፣ ቀርከሃውም መላልሶ ስለሚጠመጠም፣ ለአንድ ቀለበት ረጅምና ጉድለት የሌለበት ግንድ መምረጥ ያስፈልጋል። በጣውላዎቹ መካከል ሙጫም ሆነ ሬንጅ የማያስፈልገው እንጨቱ ውኃ ሲጠጣ ስለሚያብጥና ቀለበቱ እምቢ ብሎ ስለሚይዘው ነው። በዚያው ልክ ደርቆ ከተተወ ጣውላው ይኮማተራል፣ ቀለበቱም ይላላል፤ ስለዚህ የእንጨት ሳፋ ጀልባ ሥራ ሲፈታ ቶሎ ያረጃል።

ይህ ቅርጽ ለምን በዚህ ጠረፍ እንደመጣ ደግሞ የአካባቢው መሬት ራሱ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1802 በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የኦጊ ጠረፍ ወደ ላይ ተነስቶ በዓለት የተሰነጣጠቁ ጠባብ ውኃዎች ተፈጠሩ። ረጅም ጀልባ በእነዚህ መካከል መዞር አይችልም፤ ሳፋ ግን በቦታው ይዞራል። ቀደም ሲል ያሳቀብኝ መሽከርከርም ለዓሣ አጥማጁ ዋናው ጥቅሙ ነው። ሰውየው ጠርዙ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ታችዋ መስታወት በሆነች ሣጥን የባሕሩን ወለል እያየ፣ በረጅም ዘንግ ቀንድ አውጣና የባሕር ሣር ያወጣል።

ከመሳፈሪያው የጎደለውን ማብራሪያ ያገኘሁት በአቅራቢያው በሹኩኔጊ መንደር ባለው የኦጊ የሕዝብ ባህል ሙዚየም ነው። ሕንፃው በ1920 የተሠራ የእንጨት ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ክፍሎቹ የመርከብ አናጺ መሣሪያዎችንና የዓሣ አጥማጆችን ዕቃ ጨምሮ በአሮጌ ቁሳቁስ ተጨናንቀዋል። የአቀማመጡ ሥርዓት የመጋዘን እንጂ የሙዚየም አይመስልም፤ እኔ ግን ወድጄዋለሁ። ከጎኑ ባለው ትልቅ አዳራሽ ሃኩሳን-ማሩ ቆማለች። በ1858 በዚሁ መንደር የተሠራች የንግድ መርከብን መነሻ አድርጋ በ1998 በሙሉ መጠኗ የተሠራች፣ 24 ሜትር ያህል የምትረዝም የእንጨት መርከብ ናት። ከሆዷ ሥር ቆሞ ወደ ላይ የጣውላዎቿን መጋጠሚያ ማየት ብቻውን መግቢያውን ያወጣል።

ስለ ሙያው ዛሬም በዝርዝር ማወቅ የቻልነው አንድ የውጭ አገር ሰው በጊዜ ስለደረሰ መሆኑ ያስገርማል። አሜሪካዊው ጀልባ ሠሪ ዳግላስ ብሩክስ በ1996 እዚህ ደሴት መጥቶ ሙያውን ይዘው ከቀሩት አዛውንት ዘንድ ተማረ። በጃፓን ጀልባ ሠሪዎች ዘንድ በአብዛኛው ልኩ ያለው በጌታው ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ ተማሪው አይጠይቅም፣ እያየ ይሰርቃል እንጂ። በዚህ ዓይነት የተያዘ ዕውቀት ከባለቤቱ ጋር እንደሚቀበር ግልጽ ነውና፣ ብሩክስ በእጁ የተማረውን ልክና ሥርዓት በሥዕል አስፍሮ በ2003 በሳዶው የኮዶ የከበሮ ቡድን የባህል ፋውንዴሽን በኩል አሳትሟል። የጃፓን መንግሥትም በ2007 የኦጊን የሳፋ ጀልባ አሠራር ጥበብ በአገር አቀፍ የባህል ቅርስነት መዝግቧል። መዝገብ ቀለበት አይጎነጉንም፤ ቢሆንም ሥራውን መሥራት የሚፈልግ ሰው ከምን እንደሚጀምር ያውቃል።

ለቀዘፋው ከአምስት አራት ሰጥቻለሁ፤ አንዱን የቀነስኩት ለተነፈገን ማብራሪያ ነው። እንደ እኔ በተሳሳተ ቅደም ተከተል አትሂዱ፦ ጠዋት ሙዚየሙን፣ ከሰዓት በኋላ ባሕሩን። ትኬት ስትቆርጡም የእንጨቱን ጀልባ ስጡን በሉ፤ ወረፋው በሌለበት ሰዓት ፈቃደኞች ናቸው። ከገባችሁ በኋላ ጎንበስ ብላችሁ ወለሉና ግድግዳው የሚገናኙበትን ጠርዝ በጣታችሁ ተከተሉት፤ የእኔ ጣት ዙሪያውን ዞሮ ሲመለስ እርጥበት እንጂ ክፍተት አላገኘም።