ዳይፐር ወይስ ገና ከጨቅላነቱ ፖፖ?

ሁለቱንም አይቻለሁ፣ የመጀመሪያ ልጄን በዳይፐር ብቻ ነው ያሳደግኳት፣ ሁለተኛውን ግን እናቴ ልታርሰኝ መጥታ ከ2 ወሩ ጀምሮ እግሯ ላይ እያስቀመጠች "እሽሽሽ" ትለው ነበር።

ዳይፐር ለሌሊትና ለታክሲ የሚያህለው የለም። ግን አራስ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ይፈጃል፣ በወር ወደ 300 ሊጠጋ ማለት ነው፣ ብሩንስ ተዉት፣ ቂጧ ቀልቶ ስታለቅስ ነበር አንጀቴን የሚበላኝ።

የእናቴ ዘዴ ደግሞ ሰዓት ማወቅ ነው። ጠዋት እንደነቃና ጡት ጠብቶ እንደጨረሰ (ሆድ ሲሞላ አንጀት ይንቀሳቀሳል) በርጩማዋ ላይ ትቀመጥና እግሯን ዘርጋ አድርጋ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ፊቱን ወደሷ አዙራ ብብቱን ደገፍ አድርጋ፣ ከስር ፖፖ። ፊቱ ቀላ ብሎ ድንገት ዝም ካለ ደርሷል በቃ። ቬትናም ውስጥም እናቶች እንዲሁ ያደርጋሉ፣ እነሱ በፉጨት ነው።

ግን እንዳትሳሳቱ፣ ልጁ ሽንቱን መያዝ ቻለ ማለት አይደለም፣ አብዛኞቹ ልጆች ራሳቸው ዝግጁ የሚሆኑት ከ18 ወር በኋላ ነው፣ እስከዛ የምትማሪው አንቺ ነሽ። ካመለጠው መቆጣት፣ እያለቀሰ በግድ ማስቀመጥ በፍፁም!!

እኔ ብመርጥ ቀን ቤት ካላችሁ ፖፖ፣ ሌሊትና መንገድ ዳይፐር። ሥራ የገባችና ልጁን የሚያይላት ሰው የሌላት እናት ግን ዳይፐሩን ታድርግ፣ ማንም አይፍረድባት። የኔው አሁን 10 ወሩ ነው፣ "እሽሽ" ስለው ፖፖውን ዞር ብሎ ያያል።