ዝግጁ ጠረጴዛ፣ ኤምዲኤፍ ወይስ ብረትና ጣውላ? ለሁለት ሰው የቤት ውስጥ ቢሮ የቱ ይሻላል

የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ ወይም ኮዬ ፈጬ እየኖሩ በየቀኑ መሃል ከተማ ደርሶ መመለስ ጉልበት ይጨርሳል። ስለዚህ ባልና ሚስት ወይም አብረው የተከራዩ ጓደኛሞች አንዷን ክፍል ቢሮ ለማድረግ ሲያስቡ፣ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ የጠረጴዛው ነው። ያሉት አማራጮች ሦስት ናቸው።

ከሱቅ የሚገዛው ዝግጁ ጠረጴዛ ፈጣን ነው፤ ዛሬ ከፍላችሁ ዛሬ ትሠሩበታላችሁ። አብዛኛው ግን ቺፕውድ (የእንጨት ስብርባሪ በማጣበቂያ ተጨምቆ የተሠራ ሰሌዳ) ነው። ቺፕውድ ቪቴው አንዴ ከተፈታ እንደ መጀመሪያው አጥብቆ አይዝም፤ ቤት ስትቀይሩ ፈታችሁ ብትገጥሙት መወዛወዝ ይጀምራል። ለአንድና ለሁለት ዓመት ብቻ ለሚከራይ ሰው ይበቃል እላለሁ፤ ከዚያ በላይ አልመክረውም።

ኤምዲኤፍ (የእንጨት ቃጫ በማጣበቂያ ተጨምቆ የሚሠራ ለስላሳ ሰሌዳ) ማሠራት ሌላ ነገር ነው። ክፍሉ ጠባብ ሲሆን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በልክ ይገባል፣ ከላይ መደርደሪያ ከታች መሳቢያ ይኖረዋል፤ በመልክ ደረጃ የሚወዳደረው የለም። ገበያ ላይ በብዛት ያለው ሰሌዳ 1.22 በ2.44 ሜትር ነው። በቁመቱ ሲሰነጠቅ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው ሁለት ረጃጅም ሰሌዳዎች ይወጡታል፤ አንዱ ብቻውን ለሁለት ሰው፣ ለእያንዳንዱ 1.20 ሜትር ያህል ይሰጣል። ችግሩ ከሥሩ ነው። 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ መሃሉ ላይ እግር ሳይኖረው 2.40 ሜትር ከተዘረጋ፣ ስክሪንና መጽሐፍ ሲጫንበት ይጎብጣል። ባለሙያው «ችግር የለውም» ቢላችሁም ቢያንስ በየ80 ሴንቲ ሜትሩ ድጋፍ ጠይቁ፤ ወይም ሁለቱን ሰሌዳዎች በኮላ አጣብቆ 36 ሚሊ ሜትር ያድርግላችሁ። ውፍረት እጥፍ ሲሆን ጉብጠትን የመቋቋም አቅሙ ስምንት እጥፍ ነው የሚሆነው፤ ለተጨማሪው ሰሌዳ የምትከፍሉት ገንዘብ አያስቆጭም።

ሁለተኛው ጠላቱ ውሃ ነው። ወለል በተወለወለ ቁጥር የታችኛው ጠርዝ እርጥበት እየጠጣ ያብጣል፣ ካበጠ ደግሞ አይመለስም። ከወለል ከፍ የሚያደርግ የፕላስቲክ እግር ይኑረው፤ ዓይን የማያየው ጠርዝም ጭምር ይሸፈን። ሽታውንም አትናቁት። ማጣበቂያው ውስጥ ፎርማልዲሃይድ የሚባል ለጤና የማይበጅ ጋዝ አለ፤ በጠባብ ክፍል ቀኑን ሙሉ የሚቀመጥ ሰው ኢ1 ደረጃ ያለውን፣ ማለትም ይህን ጋዝ በትንሹ የሚለቀውን ቢጠይቅ፣ ከተገጠመም በኋላ መስኮት ከፍቶ ለብዙ ቀን ቢያናፍስ ይሻለዋል።

ሦስተኛው፣ በየሰፈሩ ካለ ብየዳ ቤት የቱቦላሬ እግር፣ ከአናጢ ደግሞ የላዩን ጣውላ ማሠራት ነው። የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ምክንያቱም ሁለት ሰው በአንድ ረጅም ሰሌዳ ላይ ሲሠራ አንዱ ኪቦርድ በመታ ቁጥር የሌላው ካሜራ ይንቀጠቀጣል፤ ስብሰባ ላይ ላለ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የየራሳቸው የብረት እግርና ጣውላ ያላቸው ሁለት ጠረጴዛዎች አሠርታችሁ ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው መልኩ አንድ ይሆናል፣ ንዝረቱ ግን አይተላለፍም። ከፍታውም እንደየሰዉ ቁመት ይለያል፦ የተለመደው ከ72 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ቢሆንም፣ አጠር ያለ ሰው ዝቅ አድርጎ ቢያሠራ ትከሻው ያርፋል። ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይም ተፈታትቶ በደረጃ ይወጣል፤ ሲሄዱም ተፈትቶ ይወርዳል። ከጫኝና አውራጅ ጋር የምትከራከሩበት ጊዜም ያጥራል።

ጣውላው ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። በደንብ ያልደረቀ ባህር ዛፍ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ዋንዛ ለመሥራት ይመቻል፣ መልኩም ያምራል፤ ውድ ነው፣ ዛፉም እየተመናመነ ስለሆነ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ተገቢ ነው። የፈረንጅ ጥድ መሃል ላይ ያለ ምርጫ ነው፤ ለስላሳ ስለሆነ በቀላሉ ይጫጫራል፣ በጥሩ ቫርኒሽ ግን ይኖራል። ማንኛውም ጣውላ ክረምት ላይ ይሰፋል፣ በጋ ላይ ይጠባል። ስለዚህ በያጁ ብረቱ ላይ የሚበሳው ቀዳዳ ክብ ሳይሆን ሞላላ ይሁን፤ ጣውላው መንቀሳቀሻ ካጣ መሃሉ ላይ ይሰነጠቃል። ብረቱ ከመቀባቱ በፊት አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቅብ) መጠጣቱን በዓይናችሁ እዩ።

ቤቱ የራሳችሁ ከሆነና ክፍሉ በጣም ጠባብ ከሆነ ግን ምርጫዬን ትቼ ኤምዲኤፍ አሠሩ እላለሁ፤ በልክ የገባ መሳቢያን ብረትና ጣውላ አይተካውም።

የቱንም ብትመርጡ፣ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ልኩን፣ የሰሌዳውን ውፍረት፣ የመሳቢያውን ሐዲድ ዓይነትና የማስረከቢያ ቀኑን በወረቀት አስፍሩ። ዋጋ በካሬ ከተነገራችሁ ማጠፊያና ሐዲድ ይጨምር እንደሆነ ጠይቁ። ለገመድ ማሳለፊያ 6 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ለእያንዳንዳችሁ ይበሳ፤ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግለው ዩፒኤስ የሚቀመጥበት፣ አየር የሚገባበት ቦታም ንድፉ ላይ ከመጀመሪያው ይግባ።