ደንገጎን ሳትወጡ ገንዘብ አትክፈሉ

ድሬዳዋ ውስጥ የቆየ መኪና «አድሰን» እንሸጣለን የሚሉትን ታውቋቸዋላችሁ። ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ወንበሩ አዲስ ቆዳ ለብሷል፣ ደላላው ከጎን ሆኖ «ለነገ ሌላ ሰው ቀጠሮ ይዟል» ይላል። ለእኔ የቀረበችልኝ ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ ናት፤ እ.ኤ.አ. የ1971 ሥሪት፣ 1608 ሲሲ፣ ባለ አምስት ማርሽ፣ በአራቱም ጎማ የዲስክ ፍሬን ያላት። ሞተሯን አልማም፤ ጣልያናዊው መሐንዲስ ላምፕሬዲ የነደፈው ባለ ሁለት ካምሻፍት ሞተር በቀላሉ እጅ አይሰጥም። የተበላሁት በመሪዋ ነው።

ይህች መኪና ስትሠራም የመሪ ማገዣ አልነበራትም፤ ውበቷም እሱ ነው። ኩርባ ስትገቡ መሪው እጃችሁ ላይ ከበድ ይላል፣ ጎማው ሊንሸራተት ሲል ጣታችሁ ቀድሞ ያውቃል፣ ከኩርባው ስትወጡ ላላ ብታደርጉት በራሱ ወደ ቀጥታው ይመለሳል። የፈለግኋት ለዚህ ነው። ለመንቀሳቀሻ ብቻ ቢሆን ቪትዝ እገዛ ነበር።

የሞከርናት እዚያው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነው፤ በዛፎቹ ጥላ ሥር፣ ቀጥ ባለ አስፋልት፣ በዝግታ። መሪው ቅንጣት ታህል ባዶውን አይዞርም። ባለጋራዡ፣ «ጋሼ፣ የመሪ ሳጥኑን አውርደን ኩሽኔታውን ሁሉ ቀይረንለታል፤ ይያዙት እስቲ፣ ራስዎ ይፍረዱ» አለ። ለዚህ እድሳት ዋጋው ላይ ጨመረ፤ ከፈልኩ።

በማግሥቱ ወደ ሐረር ስወጣ ደንገጎ፣ ጠመዝማዛው ዳገት ላይ፣ ወደ ግራ የሚታጠፍ ኩርባ ጨርሼ መሪውን ላላ አደረግሁት። አልተመለሰም። እንደ ዛገ መቀርቀሪያ በዞረበት ቀረ። መኪናዋ ወደ ተቃራኒው መስመር እየገባች ነው፤ ከላይ ጫት የጫነ አይሱዙ እየወረደ ነው፤ የጫት አይሱዙ እንዴት እንደሚወርድ ለዚህ አገር ሰው አይነገርም። በሁለት እጄ ጎትቼ መለስኳት። ሐረርን ትቼ በአንደኛ ማርሽ ቁልቁል ተመለስኩ።

ባለጋራዡ ከወንበሩ አልተነሣም። ቃሌን ሳልጨርስ አንዱን ልጅ ጠርቶ፣ «መሪው ጠበቀብኝ ይላል፣ አላላለት» አለው። ልጁ የሞተሩን ክዳን ከፈተ፣ በመሪ ሳጥኑ አናት ላይ ያለውን ዳዶ ፈታ፣ ካቻቢቴ አስገብቶ ብሎኑን ግማሽ ዙር አዞረ። ግማሽ ዙር ብቻ። ከዚያ እጁን በመስኮት አስገብቶ መሪውን ወዘወዘው፤ መሪው አራት ጣት ያህል ሄደ መጣ፣ ጎማው ንቅንቅ አላለም። «ይኸው ላላ» አለ ልጁ፣ በቅንነት። እሱ ምን ያድርግ፤ የታዘዘውን ነው ያደረገው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሳጥኑ ውስጥ ጠመዝማዛ ጥርስ ያለው ዘንግና ጥርሱን ተከትሎ የሚንከባለል ሮለር አለ። መኪና ዕድሜውን በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ የሚበላው መካከሉ ነው፤ ዳርና ዳሩ ብዙም አይነካም። ብሎኑን አጥብቀው የመካከሉን ክፍተት ሲዘጉት መሪው ቀጥታ ላይ አዲስ ይመስላል፤ ሲታጠፍ ግን ያልተበላው ክፍል ሮለሩን ነክሶ ይይዘዋል። ይህን የማያውቅ መካኒክ የለም። ዘይት መያዝ ያለበትን ሳጥንም ግሪስ ጠቅጥቀውበታል፤ የዘይት መከላከያው ስላለቀ እንዳይንጠባጠብ። የተቀየረ ኩሽኔታ ብሎ ነገር የለም።

«ታዲያ ምን ይሻልሃል?» አለኝ ባለጋራዡ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ። «ይጥበቅ ወይስ ይላላ? ሁለቱንም አታገኝም።» ታድሷል ያልከኝስ ስለው ውሉን ከመሳቢያ አውጥቶ ጣቱን «አይቼና ሞክሬ ባለበት ሁኔታ ተረክቤአለሁ» የሚለው መስመር ላይ አሳረፈ። ቀጥሎም ተራ የሚጠብቁት ደንበኞች እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «አቦ፣ በዚህ ዕድሜህ ውድድር ልትገባ ነው? ሐረር በሚኒባስ ሂድ» አለ። ሳቁ። ደላላውም አብሮ ሳቀ፤ ኮሚሽኑን ከእኔ እጅ የተቀበለው ደላላ!

ሳቢያን ሰፈር ያለ ሌላ መካኒክ ከሥር ገብቶ ሲያይ ደግሞ በቀኝ በኩል የመሪውን ዘንግ የሚሸከመው ክንድ ቦኮላው አልቆ ብረት ከብረት ይፋተጋል። የፊት ጎማዎቹም መሪው ቀለል እንዲል ከልክ በላይ ተነፍተው ነበር። ሳጥኑ ከየት እንደሚገኝ ገና እያፈላለግሁ ነው፤ መኪናዋ ቆማለች።

የቆየ የስፖርት መኪና የምትገዙ ከሆነ የጎማውን ንፋስ አስለኩ፤ ከዚያ ፊቷን በክሪክ አስነሥታችሁ መሪውን ከዳር እስከ ዳር በቀስታ አዙሩት። መካከሉ ላይ ቀሎ ወደ ዳር ሲሄድ የሚይዝ ከሆነ ተዉት። ነዳጁንም ራሳችሁ ችላችሁ ደንገጎ ድረስ ንዱ። ሻጩ እምቢ ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።