ማክሲማ ከስምንት ወር በኋላ፦ ጠያቂ፣ አንዳንዴም ዝምተኛ

ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን፣ ማለትም የለውጥ ፍጥነት (ዴሪቬቲቭ) ያለበትን ኢኩዌሽን፣ የማጠናው በራሴ ነው፤ መልመጃው ብዙ፣ የሚያርምልኝ ግን የለም። ማክሲማ የተባለውን ነፃ የሒሳብ ፕሮግራም የጫንኩት ለዚያ ነበር። ስምንት ወር ሆነኝ።

የመጀመሪያው ቀን የጻፍኩት ሁሉ ዜሮ እየሆነ አስቸገረኝ። ከዴሪቬቲቩ ፊት ነጠላ ጥቅስ ካልተደረገ ወዲያው ያሰላዋል፤ ዋይ በኤክስ ላይ መመሥረቱን ስላልነገሩት እንደ ቋሚ ቆጥሮ ዜሮ ይላል። ይህን ለማወቅ አንድ ምሽት ፈጀብኝ።

የወደድኩለት ጠያቂነቱን ነው። የዋይ ሁለተኛ ዴሪቬቲቭ ሲደመር ኤ ሲባዛ በዋይ፣ እኩል ይሆናል ዜሮ የሚለውን ሰጠሁት። ከመፍታቱ በፊት «ኤ ፖዘቲቭ ነው፣ ኔጋቲቭ ወይስ ዜሮ?» አለኝ። ፖዘቲቭ ስለው ሳይንና ኮሳይን፣ ኔጋቲቭ ስለው ኤክስፖኔንሻል፣ ዜሮ ስለው ቀጥታ መስመር። ሦስቱን ቀመሮች ለየብቻ ሸምድጃቸው ነበር። የአንድ ኢኩዌሽን ሦስት መልኮች መሆናቸው የገባኝ ያኔ ነው።

የሎጂስቲክ እድገትን (መጀመሪያ የሚፈጥን፣ ወደ ጣሪያው ሲቀርብ የሚቀዘቅዝ እድገት) ኢኩዌሽን ስሰጠው ግን ዋይን ለብቻው አያወጣልኝም፤ በሎጋሪዝም እንደተቋጠረ ይተወዋል፣ ቀሪውን ራስህ ፍታ ነው ነገሩ። መልኩም ያረጀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከተጀመረ ፕሮግራም የወረደ ስለሆነ አልፈርድበትም።

መፍታት ያልቻለውን «ፎልስ» (ሐሰት) ብሎ ይዘጋዋል፤ ምክንያት የለም። የዋይ ዴሪቬቲቭ ከኤክስ ስኩዌርና ከዋይ ስኩዌር ድምር ጋር እኩል ነው ስለው እንዲሁ አለኝ። በትንንሽ እርምጃ እየተጓዘ ግምታዊ ዋጋ በሚያሰላው የሩንጌ-ኩታ ዘዴ በቁጥር ልፍታው ብዬ፣ ኤክስ 0 ሲሆን ዋይ 1፣ እርምጃው 0.1 አልኩት። ኤክስ 1 ላይ ዋይ 735 ገደማ ወጣ፤ አምኜ ደብተሬ ላይ አሰፈርኩት። በማግስቱ እንዲያው ለመሞከር እርምጃውን በግማሽ ብቀንሰው ከ175 ሺህ በላይ! ለካ ትክክለኛው መፍትሔ ኤክስ 1 ሳይደርስ ወደ ኢንፊኒቲ ይፈነዳል፤ 735 የሚባል ዋጋ ከነጭራሹ የለም። አንዲት የማስጠንቀቂያ ቃል እንኳ አላወጣም። አሁን እርምጃውን ቀንሼ ሳልደግም ምንም ቁጥር አልመዘግብም።

ፕሎት-ዲኤፍ የሚባለውን ትዕዛዝ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። የአቅጣጫ መስኩን፣ ማለትም መፍትሔው በየነጥቡ ወዴት እንደሚያመራ፣ በትናንሽ ቀስቶች ይስላል፤ አንድ ነጥብ ላይ ጠቅ ሲያደርጉ በዚያ የሚያልፈውን መፍትሔ ያሰምራል። ያንኑ ኢኩዌሽን ሰጥቼው ኤክስ 0፣ ዋይ 1 ላይ ጠቅ አደረግሁ። መስመሩ ትንሽ ጎበጥ ብሎ ሄደና ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ተተኩሶ ከስክሪኑ ጠፋ። ደብተሬን ገልጬ 735ን ሰረዝኳት።