ማየትም ባትሪ ይበላል፦ ከትንሿ ሚረርለስ ካሜራዬ ጋር ያሳለፍኳቸው ወራት

ስለዚህች ካሜራ እንድጽፍ ያደረገኝ ባትሪዋ ነው። ጥሩ ጎኗ ይደርሳል፣ መጀመሪያ ንዴቴ ይውጣልኝ።

በድሮው ዲኤስኤልአር ካሜራዬ ስመለከት ባትሪው ምንም አይሆንም ነበር። በሌንሱ የገባው ብርሃን መስታወቱ ላይ ያርፋል፣ በፕሪዝሙ ያልፋል፣ ዓይኔ ይደርሳል፣ አለቀ። ቀኑን ሙሉ ባይበት ማን ከለከለኝ? ሚረርለስ ላይ ግን ያ መስታወት የለም። ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ሴንሰር እንደበራ ነው፣ የሚያየውን ሁሉ ፕሮሰሰሩ እየተቀበለ ዓይናችንን የምናስጠጋበት ቪውፋይንደር ውስጥ ላለችው ትንሽ ስክሪን ያቀብላል። ስለዚህ አንድም ፎቶ ሳታነሱ፣ ዝም ብላችሁ እያያችሁ ብቻ ባትሪው ይሟጠጣል። እኔ ደግሞ ወፏ ክንፏን እስክትዘረጋ፣ ልጁ እስኪስቅ ድረስ ዓይኔን ሳልነቅል የምጠብቅ ዓይነት ሰው ነኝ። ልክ ልትበር ስትል ስክሪኑ ድርግም!

ሻጩ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። «በአንድ ቻርጅ 350 ፎቶ ታነሳለች ተብሎ ተጽፏል እኮ!» ተጽፏል ወንድሜ፣ አልካድኩም። ግን ይህን መሰሉ ቁጥር የሚወጣው ሲፓ በሚባለው የጃፓን ካሜራ አምራቾች ማኅበር መለኪያ ነው፦ በየ30 ሰከንዱ አንድ ፎቶ ማንሳት፣ በየ10 ፎቶው አጥፍቶ ማብራት። እንደዚያ ፎቶ የሚያነሳ ሰው እስካሁን አላየሁም። አከታትሎ ለሚያነሳ ቁጥሩ ከተባለውም በላይ ሊሄድ ይችላል፣ ለእኔ ቢጤው ጠባቂ ግን ግማሹም ብርቅ ነው። «ትርፍ ባትሪ ያዛ» ደግሞ እንዳትለኝ፣ ይዣለሁ። ቀላል ናት ብዬ የገዛኋት ካሜራ ኪሴን በባትሪ ስታስሞላኝ ነው የምናደደው።

ሽጣት ትሉኝ ይሆናል። አልሸጥም! ባትሪውን የሚበላው ያው ስክሪን ነዋ ልቤን የወሰደው። ከጀርባው ፀሐይ ያለ ሰው ሳነሳ ፊቱ ሊጠቁር መሆኑን ገና ሳልጫን አየዋለሁ። የብርሃን ማስተካከያዋን ትንሽ አዞር አደርጋለሁ፣ ፊቱ ዓይኔ ሥር ወገግ ይላል፣ ከዚያ ጠቅ። በድሮው እኮ አንስቼ፣ ከኋላ አይቼ፣ አስተካክዬ እንደገና ሳነሳ ሰውየው ሳቁን ጨርሶ ሌላ ወሬ ጀምሯል። ጥቁርና ነጭ ላይ ሳደርጋትማ ከማንሳቴ በፊት ሁሉ ነገር ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይታየኛል። ይሄን የለመደ ዓይን ወደ ድሮው እንዴት ይመለሳል?

የእኔዋ ማይክሮ ፎር ሰርድስ ከሚባሉት፣ አነስ ያለ ሴንሰር ካላቸው ካሜራዎች ወገን ናት። ሴንሰሯ 17.3 በ13 ሚሊሜትር ነው፣ ፉል ፍሬም ከሚባለው 36 በ24 ከሆነ ትልቅ ሴንሰር ጋር ሲተያይ በጠቅላላ ስፋት ሩቡን ያህል። ማታ ማታ ፎቶው ሽፍ ሽፍ ይልባታል፣ ጀርባ ማደብዘዝም ላይ ትንሽ ትሰንፋለች። ይሁና፣ ሌንሶቿም ትንንሽ የሆኑት ለዚሁ ነው።

ድምፅ አልባው ሹተር (ያለ ጠቅታ ማንሻዋ) ግን አንዳንድ የኤልኢዲ መብራቶች ሥር ጉድ ይሠራል። መብራቱ ለዓይን በማይታይ ፍጥነት ይርገበገባል፣ ሴንሰሩ ደግሞ ምስሉን መስመር በመስመር ነው የሚያነበው፣ ፎቶው ዝንጉርጉር ሆኖ ቁጭ። አዳራሽ ውስጥ ከሆናችሁ ወደ ሜካኒካል ሹተር መልሷት፣ ትንሽ ብትንጫጫ ይሻላል።

ባትሪውን ለማቆየት አሁን ዓይኔን ባነሳሁ ቁጥር አጠፋታለሁ። ለመንቃት ትንሽ ታንገራግራለች፣ በዚያች ቅጽበት የሚያመልጠኝ አይጠፋም። አምራቾች ሆይ፣ ለሚቀጥለው ሞዴል አካሏን ጥቂት ሚሊሜትር አወፍሩና ትልቅ ባትሪ ክተቱባት። ቅጥነቱ በቅቶናል!