ኪኒኔን ቁጭ ብላ ለቆጠረችልኝ ሲስተር

ከወለድኩ ጀምሮ ይሄን ልጽፍ ዛሬ ነገ ስል አራት ወር ሞላኝ። ልጅቷ አሁን ተኝታልኛለች፣ እስክትነቃ ልሞክር።

ማመስገን የፈለግኩት የሰፈራችን ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል ክፍል ውስጥ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ አለች፣ እሷን ነው። ሳላስፈቅዳት ስሟን መለጠፍ ደስ አይለኝም። የሰፈሬ ሰዎች ግን "ሲስተር" ስል ማንን ማለቴ እንደሆነ ይገባችኋል።

የመጀመሪያ ልጄ ቀኑን ሞልቶ ነው የተወለደው፣ ግን 2 ኪሎ ከ100 ግራም ብቻ ነበር። ከ2 ኪሎ ተኩል በታች የተወለደ ልጅ ክብደቱ ዝቅተኛ እንደሚባል ያወቅኩት ያኔ ነው። አሁን አምስት ዓመቱ ነው፣ ቤቱን ያተራምሰዋል፣ ተመስገን። የመጀመሪያዎቹን ወራት ግን እኔ ነኝ የማውቃቸው። ጡት ለመሳብ እንኳን አቅም አጥቶ ሌሊቱን ሙሉ ደረቴ ላይ ለጥፌው ነበር የማድረው።

ያኔ ክትትል የነበረኝ ሌላ ቦታ ነው፣ የት እንደሆነ ይቅር። የብረት ኪኒን ሰጡኝ፣ "በቀን አንድ" አሉኝ፣ ቀጣይ! በቃ። ለምን እንደምወስደው፣ ከምን ጋር እንደምውጠው፣ ሲያቅለሸልሸኝ ምን እንደማደርግ የነገረኝ የለም። እኔም አልጠየቅኩም፣ ከኋላዬ ያለው ወረፋ ያስፈራ ነበር። ግማሹ ኪኒን መሳቢያ ውስጥ ቀረ።

ሁለተኛዋን ሳረግዝ ሲስተር ጋ ደረስኩ። በሁለተኛው ቀጠሮዬ ሄሞግሎቢኔ፣ ማለት ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር፣ 9.6 ሆኖ መጣ። ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ከ11 ሲወርድ ደም ማነስ ነው ይላሉ። ወረቀቱን አየችና "ባለፈው የሰጠሁሽን ኪኒን ይዘሽዋል?" አለችኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችውና በጣቷ ጫፍ ሁለት ሁለት እያደረገች ቆጠረችው። ከ30ው 19 ቀርቷል፣ ወር ሞልቶት። እኔ የቤት ሥራ እንዳልሠራ ተማሪ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን "ምን እያደረገሽ ነው እናት?" አለችኝ።

ዘረገፍኩላት። ያቅለሸልሸኛል። ሆዴን ያደርቀኛል። ሰገራዬ ጠቁሮ ደንግጫለሁ። በዚያ ላይ አማቴ አሉ፣ "ይሄ ኪኒን ልጁን ያገዝፍብሽና በኦፕራሲዮን ነው የምትወልጂው" ይሉኛል። ክፋት የለባቸውም፣ ሲባል የሰሙትን ነው የሚሉት። ሲስተር ሳቀች። የሚያጠቁረው ሰውነቴ ያልመጠጠው ብረት እንደሆነ፣ እንደማያስፈራ ነገረችኝ። ማታ ልተኛ ስል እንድወስደው፣ ውሃና ጎመን እንዳበዛ መከረችኝ። ለአማቴ ደግሞ "በሚቀጥለው ይዘሻቸው ነይ" አለች።

ከዚያ ቁርሴን ጠየቀችኝ። ኪኒኑን የምውጠው በሻይ ነበር! ሻይና ቡና ብረቱን አስረው እንደሚያስቀሩት የሰማሁት በሁለተኛ እርግዝናዬ ነው። ቡና ተዪ አላለችኝም። ቀንሺው፣ ከኪኒኑና ከምግቡም አንድ ሁለት ሰዓት አርቂው አለችኝ። ሽሮና ምስር ስበላ ጥሬ ቃሪያ ወይ ሎሚ እንዳይቀርብኝ፣ ቫይታሚን ሲው ብረቱን እንደሚያስመጥጠው ነገረችኝ። ስንግ ቃሪያ እንደ መድኃኒት ታዘዘልኝ ብዬ ለባሌ ነገርኩት፣ አላመነኝም።

"ጤፍ እበላ የለ፣ ጤፍ ብረት አለው አይደል?" ብዬም ተከራክሬያታለሁ። አለው አለች። ግን ከሚለካው ከፊሉ አውድማ ላይ የተቀላቀለ አፈር ነው፣ እሱ አብዛኛው ደም ውስጥ አይገባም። የእህሉም ብረትና ዚንክ ፋይቴት በሚባል ነገር ይያዛል፣ በደንብ የቦካ ሊጥ ግን ይሄን ይቀንሰዋል። ከዚያ ወዲያ ሳይቦካ ጥድፍ ጥድፍ ተብሎ የተጋገረ እንጀራ ሳይ ፊቴን አጠቁራለሁ።

አማቴን ይዤ ሄድኩ። "እማማ፣ ኪኒኑ አያገዝፍም፣ እንዳይኮስስ ነው" አለቻቸው። ልጁ ኦክስጅኑን የሚያገኘው በእናቱ ደም ነው፣ ብረት ሲያንስ የሚደርሰው ይቀንሳል አለች። ደግሞ ከተወለደ በኋላ ለስድስት ወር ያህል የሚጠቀምበትን ብረት በብዛት የሚያጠራቅመው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው፣ የጡት ወተት ውስጥ ያለው ብረት ጥቂት ስለሆነ። "ስንቁን ከሆድ ይዞ ነው የሚወጣው" ስትላቸው አማቴ ዝም አሉ። ስንቅ የሚለው ቃል ገባቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ "ስንቁን ዋጥሽ?" ብለው የሚያስታውሱኝ እሳቸው ሆኑ!

ሲስተር ያነሳችው የአዮዲን ነገር (ሲያንስ እንቅርት የሚያመጣው) ደግሞ ለአማቴ ለራሳቸውም ቅርባቸው ነበር፣ ደጋ አገር እንቅርት ያለባቸው ሴቶች እያዩ ነው ያደጉት። ነፍሰ ጡር በቀን 250 ማይክሮግራም አዮዲን ያስፈልጋታል፣ ይቺ ዓይን የማይሞላ ነገር ናት፣ ግን አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ያለሷ ሥራውን አይሠራም፣ የልጁ አንጎል እድገትም እዚያ ላይ ነው የተንጠለጠለው። እዚህ አገር ጨው ላይ አዮዲን መጨመር ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንግሥት ደንብ ግዴታ ነው። እኔ ግን ጨዉን ምድጃው አጠገብ ክዳን በሌለው ጣሳ ነበር የማስቀምጠው። ሙቀት፣ ፀሐይና እርጥበት አዮዲኑን ያጠፉታል። ክደኚው፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሪው አለችን።

ሌላ ደግሞ የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ የነፍሰ ጡር ቫይታሚን ልካልኝ ነበር። ደስ ብሎኝ በላይ በላዩ ልወስድ ስል ሲስተር ብልቃጡን ተቀብላ ጽሑፉን አንድ በአንድ አነበበችው፦ ብረት፣ ዚንክ፣ መዳብ፣ ሴሊኒየም፣ አዮዲን። መጥፎ አይደለም አለች። እንዲያውም 15 ዓይነት ቫይታሚንና ማዕድን በአንድ ላይ የያዘ ኪኒን የወሰዱ እናቶች ብረትና ፎሊክ አሲድ (አንድ የቫይታሚን ቢ ዓይነት) ብቻ ከወሰዱት ይልቅ ትናንሽ ልጅ የመውለድ ዕድላቸው ቀንሶ ታይቷል፣ ዚንክ ለብቻው ሲሰጥ ግን ክብደት ላይ ይሄ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም አለችኝ። ግን ሁለቱን ደርቦ መዋጥ የለም፣ በተለይ ቫይታሚን ኤ ሲበዛ ፅንስ ይጎዳል። የእኔ ደም ዝቅ ስላለ ለጊዜው ጤና ጣቢያው የሚሰጠውን ባለ 60 ሚሊግራም ብረት በቀን ሁለት እንድወስድ ተደረገ፣ ደሜ ሲስተካከል ወደ አንድ ተመለስኩ። ይሄ ለእኔ የታዘዘ ነው፣ እናንተ በራሳችሁ እንዳትጨምሩ።

ኪኒኑን በደንብ መዋጥ ከጀመርኩ በአሥራ አንደኛው ሳምንት ደሜ 11.4 ገባ። ስወልድም ዕድሌ ሆኖ ተረኛዋ እሷ ነበረች። ልጅቷ ከወጣች በኋላ እትብቱን ወዲያው አልቆረጠችውም፣ ከደቂቃ በላይ ጠበቀች። ምን እየጠበቀች ነው ብዬ ስጨነቅ "ይሄም ብረት ነው" አለችኝ። ሚዛኑ 3 ኪሎ ከ150 አለ። ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ድጋሚ እንድታስቀምጣት ለመንኳት። አስቀመጠቻት፣ ያው ነው።

ኪኒኑ ነው ያሳደጋት ብዬ ሳወራ ሲስተር ራሷ ተቆጥታኛለች። በመጀመሪያው እርግዝናዬ ምግብ አልበላ ብሎኝ ክብደት እንኳን በቅጡ አልጨመርኩም፣ ዕድሜዬም ገና ነበር። ወባው፣ ደም ግፊቱ፣ ሌላም ሌላም የልጅ ክብደት ይቀንሳል። እሺ ብያታለሁ። ግን ቁጭ ብላ ኪኒን የምትቆጥር ሴት ባታጋጥመኝ ያ ፓኬት እንደ በፊቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀር ነበር፣ ይሄን ማንም አያስክደኝም።

እርጉዝ የሆናችሁ ወይም እርጉዝ እህት ያላችሁ፣ አካባቢያችን ከሆናችሁ በውስጥ ጻፉልኝ፣ የት እንደሆነ እነግራችኋለሁ። ክትትሉ በነጻ ነው። ጠዋት በጊዜ ሂዱ፣ ሰው ይበዛባታል፣ አንዷን ሳትጨርስ ሌላዋን አትጠራም፣ ስለዚህ ትጠብቃላችሁ፣ እሱን አልዋሻችሁም። የተረፋችሁን ኪኒን ይዛችሁ ሂዱ፣ መቁጠሯ አይቀርም።

ሲስተር፣ ይሄን ካየሽው፦ የጨው ጣሳዋን ክዳን ገዝቼላት ከምድጃው አርቄያታለሁ። አማቴ ግን በመጡ ቁጥር መልሰው እዚያው ያስቀምጧታል።